ከማሽላ ጉድጓድ የወጡ ፎቶዎች

ሃርድ ዲስኩን ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የቀበሩት የመርሳው ፎቶ አንሺ ናቸው። ምክሩ ግን ከፊሉ የእኔ ነው። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ፣ ስልክ ከመቋረጡ በፊት ደውዬ፣ «ሐጂ፣ ኮምፒውተሩ ቢዘረፍ ይገዛል፤ ውስጡ ያለው ዲስክ ግን አይገዛም። ፈትተው ያውጡትና ይደብቁት» አልኳቸው። የት እንደሚደብቁት አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እኔ አልጋ ስር ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የታሰበኝ። እሳቸው ግን የሀብሩ ቆላ ሰው ናቸው። የዚያ አገር ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ውድ ነገሩን የት እንደሚያኖር ከአባቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ከመሬት በታች፣ ከእህሉ መሃል።

ስቱዲዮው መርሳ ዋናው መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶች የወልድያ ተሳፋሪ ከሚጠሩበት ፊት ለፊት ነው። ከዓመታት በፊት፣ ወልድያ ኮምፒውተር ስማር፣ በአንድ ክረምት የሐጂን ፎቶዎች የሚይዝ ዳታቤዝ ሠራሁላቸው። ከዚያ በፊት ፎቶዎቹ በየፎልደሩ ተበታትነው ስለነበር፣ አንድ ሰው «የአምናውን ጉርድ ፎቶዬን ድገሙልኝ» ብሎ ሲመጣ ሐጂ ግማሽ ቀን ሲፈልጉ ይውሉ ነበር። ከዳታቤዙ በኋላ ስም መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። እኔም በራሴ ተኩራርቼ ስለነበር ማንም ያልጠየቀኝን አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሲገባ ማረጋገጫ ቁጥር እንዲወጣለት አደረግሁ። በሙያችን ቼክሰም እንለዋለን። ፎቶ ለኮምፒውተር ረጅም የቁጥር ሰልፍ ነው። ያን ሰልፍ በተወሰነ ሥርዓት ደምረን አንድ ቁጥር እናወጣለን። ከዓመት በኋላ እንደገና ስንደምረው ያው ቁጥር ከወጣ ፎቶው አልተነካም ማለት ነው። ከሰልፉ አንዱ እንኳ ከተለወጠ ድምሩ አይገጥምም።

«ይቺን ቁጥር ማን ያያታል?» አሉኝ ሐጂ።

«ማንም አያያትም።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለች?»

«ፎቶው መበላሸት አለመበላሸቱን ትነግረናለች።»

«ከነገረችን በኋላ ታድነዋለች?»

«አታድነውም» አልኩ።

ሳቁብኝ። «እንደኛ ጎረቤት ናታ! ቤትሽ ተቃጠለ ትልሽና ወደ ቤቷ ትገባለች።»

እሳቸው ግን ከማንም በላይ ለተበላሸ ፎቶ የማይራሩ ሰው ነበሩ። ዓይኑን የጨፈነ፣ የደበዘዘ፣ ግንባሩ የተቆረጠ ፎቶ ከታተመ ባለቤቱ እያየ ቀድደው ይጥሉታል። ደንበኛው «ግድ የለም ሐጂ፣ ይሁን፣ እቸኩላለሁ» ቢል አይሰሙትም። እንደገና ያስቀምጡታል፣ አገጩን በሁለት ጣታቸው ቀና ያደርጉለታል፣ እንደገና ያነሱታል። «የሰው መልክ አማና ነው፤ አጉድዬ አልሰጥም» ይላሉ። መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አንዳንዱ ይበሳጭባቸዋል፣ ግን ተመልሶ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው።

ጦርነቱ አልፎ መብራትና ስልክ ሲመለስ ወደ መርሳ ወረድኩ። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንገባ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የጠፋበትን ይቆጥር ነበር። ስቱዲዮው ተዘርፏል። ካሜራዎቹ፣ ማተሚያው፣ መብራቶቹ፣ ሙሽሮች ከፊቱ የሚቆሙበት ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ሳይቀር ሄዷል። ጥጉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ አየሁ። አሮጌው ኮምፒውተር ነው። ዘራፊዎቹ ንቀውት ትተውታል።

ሐጂ ኮምፒውተሩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ዲስኩ እዚሁ ሆዱ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምንም አይነካውም ነበር» አሉ። ይህን አባባል በኋላም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። 

ጉድጓዱ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንድማቸው ግቢ ነው። ድንጋዩ ከተነሳ በኋላ ወዲያው አይገባም፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ሙቀቱ እስኪወጣ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ ወንድማቸው ገብተው ማሽላውን በቁና እያወጡ አቀበሉን። ጉድጓድ የከረመ ማሽላ ሽታው አይረሳም፤ የኮመጠጠና የሞቀ ነው። ግድግዳውን የነካው ሻግቶ ጠቁሯል፣ የመሃሉ ደህና ነው። ዲስኩ ከመሃሉ ወጣ። በፌስታል፣ በፎጣ፣ እንደገና በፌስታል ተጠቅልሏል። ሐጂ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ፌስታሉን ስፈታው ግን ውስጡ እንደ ድስት ክዳን አልቦ ነበር። እህል ሲሞቅ እንደሚያልብ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ላቡ እዚያ ድረስ ይገባል ብሎ ግን ማን አሰበ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው፤ የሚቆጨኝም ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ዲስኩን አድርቀን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ገጠምነው። ገመዱ የድሮ ዓይነት ስለሆነ በእኔ ላፕቶፕ አይገጥምም። መቀየሪያ ወልድያም ደሴም አስፈለግሁ፤ ሱቁ ሁሉ ባዶ በነበረበት ጊዜ ማን መቀየሪያ ይሸጥልኛል። ዲስኩ ዞረ። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ሲሞቅ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምርና ይቆማል። መስኮት ላይ አስቀምጠን እስኪበርድ እንጠብቃለን። በዚያ ላይ ይዋሻል። አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይሰጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ መቅዳት አይበቃም። እያንዳንዱን ፎቶ እንዳነበብን እዚያው መደመርና ከድሮው ማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ካልገጠመ ዲስኩ ሳይሞት እንደገና እንጠይቀዋለን። ያቺ ማንም የማያያት ቁጥር ዋጋዋ ያን ጊዜ ታወቀ። ሐጂም፣ «ጎረቤትሽ ጠቀመችን» አሉኝ።

ችግሩ የእኔ ፕሮግራም ቀርፋፋ መሆኑ ነው። በተማሪነቴ የጻፍኩት ነው፤ የፎቶውን ቁጥሮች ባይት በባይት፣ አንድ በአንድ ይደምራል። ፎቶው እስኪደመር ዲስኩ ሥራ ፈትቶ እየዞረ ይሞቃል። ዕድሜው ያለቀ ዲስክ እኔን ሲጠብቅ እያለቀ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

መፍትሔው የኮምፒውተሩን ሒሳብ የሚሠራው ፕሮሰሰር ውስጥ ነበር። ፕሮሰሰሮች የቬክተር ትእዛዝ የሚባል አላቸው፤ በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ይሠራሉ። አባቴ አገር የማሽላ አረም በደቦ ሲታረም ሰው በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ትልም ይዞ ሁሉም አብረው አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ። እንዲያ ነው። አንድ ሰው ማሳውን ብቻውን ከሚዞር፣ በእኔ ላፕቶፕ ሠላሳ ሁለት ሆነው ተሰልፈው በአንድ ጊዜ ይገባሉ። እያንዳንዱ የየራሱን ድምር ይዞ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ድምሮቹ ይገናኛሉ። የእኔ ቼክሰም ግን ቁጥሩ በሰልፉ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነም ስለሚቆጥር፣ ሲገናኙ ለእያንዳንዱ የቦታውን ድርሻ መመለስ ነበረብኝ። ወልድያ ቤቴ ተቀምጬ ላፕቶፔ ላይ ጻፍኩት። ሲሮጥ ሳየው ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሐዘን መሃል ስደሰት ትንሽ አፍሬአለሁ።

ቅዳሜ መርሳ ወስጄ ሳስነሳው ፕሮግራሙ አንድ መስመር የስህተት መልእክት ጽፎ ቆመ። የሐጂ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሠላሳ ሁለት የሚያሰልፈውን ትእዛዝ ጨርሶ አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው አሥራ ስድስት ብቻ ነው። ወልድያ ተመልሼ ለአሥራ ስድስት እንደገና ጻፍኩት። በሚቀጥለው ስመጣ ሮጠ፤ ግን ፎቶዎቹ ሁሉ ተበላሽተዋል አለ። አንዱም አልገጠመም። ሐጂ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ኢና ሊላህ» አሉ። «ሁሉም?»

«ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩ። የጻፍኩትን እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ነገሩ ቀላል ነው። የፎቶው ርዝመት ለአሥራ ስድስት እኩል ስለማይካፈል ጫፉ ላይ ጥቂት ባይቶች ይተርፋሉ፤ እኔ ትርፎቹን ሳልደምር ትቻቸዋለሁ። ትርፎቹን እንደ ድሮው አንድ በአንድ እንዲደምራቸው አደረግሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። ሐጂ እየተነሱ፣ «አልሐምዱሊላህ። አንቺ ልጅ በልብ ድካም ልትጨርሽኝ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሌላ ሆነ። ዲስኩ እኛን መጠበቅ ቀረ። ጠዋት አየሩ ሳይሞቅ እንጀምራለን፤ ዲስኩ ቀጭ እስኪል ድረስ ፎቶዎቹ ይጎርፋሉ። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው የሚያልፈውን ስም ያነባሉ። «ይሄ የዳቦ ቤቱ ነው። ይቺ ዱባይ ሄደች። ይህን ሠርግ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ዝናብ መቶናል» እያሉ።

ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ድምራቸው ያልገጠመ ፎቶዎች ነበሩ። ምን እንደሚመስሉ ለማየት አንዱን ከፈትኩት። ፎቶ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ፀጉሩ አለ፣ ግንባሩ አለ፣ ዓይኖቹ አሉ። ከዓይኖቹ በታች ሁሉም ግራጫ ነው። ሌላ ከፈትኩ፤ ያም እንዲሁ።

ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። «ይሄ ሰው አይደለም። ስንቱ ከሞተ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ለቤተሰብ ይሰጣል? ከደጄ አይወጣም። አታስቀምጪው።»

አልተከራከርኳቸውም። ስሜታቸው ገብቶኛል። እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ለማይገጥም ፎቶ የምናጠፋው ጊዜ ከሚገጥመው ላይ የሚቀነስ ነው፤ የምንቀዳበት ዲስክም ትንሽ ነው። ድምሩ ካልገጠመ ሳይጽፍ እንዲያልፍ ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። የእሳቸው ደንብና የእኔ ሒሳብ በአንድ ቃል ተስማሙ። ሁለታችንም ሥራችንን በደንብ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲስማሙ «ቆይ እስቲ» የሚል ሦስተኛ ሰው አይገኝም።

አንድ ጠዋት ዲስኩ የማናውቀውን ድምፅ አሰምቶ ቆመ። ቢቀዘቅዝም አልተነሳም። ያን ጊዜ አብዛኛው ተርፎ ስለነበር አላዘንንም። ሐጂ ከዘመድ በተበደሩት ማተሚያ ፎቶ ማተም ጀመሩ። ወሬው እስከ ገጠር ደረሰ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ አልበሙ የተዘረፈበት ሁሉ መጣ። እናቶች ፎቶውን ተቀብለው ሳሙት። እኔ ከጥግ ቆሜ ሰው የሚያደርገውን አያለሁ፤ ያ ሁሉ ድምር ለዚህ መሆኑን ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ገባች። ከመርሳ በላይ ካለ ቀበሌ በእግሯ ወርዳ ነው የመጣችው። ባሏ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ በጦርነቱ ሞቷል። ቤታቸውም ተቃጥሏል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል ሐጂ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ሌላ ፎቶ የለውም። መንጃ ፈቃዱም አብሮት ጠፍቷል። ልጅቷን ሳያያት ነው የሞተው።

ሐጂ ስሙን ጻፉ። ስሙ ወጣ፣ የተነሳበት ቀን ወጣ፣ ማረጋገጫ ቁጥሩም ወጣ። ፎቶው የሚታይበት ቦታ ባዶ ነበር። ሐጂ ዞረው አዩኝ።

«አገኙት ሐጂ?» አለች።

«ዲስኩ ተበላሽቶ ነበር እህቴ» አልኳት። «ብዙው ወጥቷል። የእሱ ግን ጎድሎ ስለመጣ አልተቀመጠም።»

«ጎድሎ ማለት?»

እጄን ከዓይኔ ስር አጋደምኩት። «ከዚህ በላይ ይታያል። ከዚህ በታች የለም። ሌሎቹ እንደዚያ ነበሩ።»

እጄን አየችው። «ዓይኑ ነበረ ማለት ነው?»

«ምናልባት። የእሱን ለብቻ አላየሁትም።»

«ግማሹም ይበቃኝ ነበር» አለች። «ይቺ ልጅ ዓይኗ የአባቷ ነው ይሉኛል። አማቴም ትላለች፣ ጎረቤቱም ይላል። እኔ መልኩ እየጠፋኝ ነው። ላስተያይ ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ድምጿን አላነሳችም። ያለቀሱት ሐጂ ናቸው። «ወላሂ እኔ ነኝ» አሉ። «አታስቀምጪው ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ፣ አፉ በይኝ።»

«ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጥፋቱን ለመውሰድ የተሻማን እንመስል ነበር። እሷ ግን ጥፋቱ ለማን እንደሚደርስ ግድ አልነበራትም።

«ይሁን፣ ማንም ይሁን» አለች። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ አሳየችኝ። «ይህ ቁጥር የምኑ ነው?»

«ከፎቶው የወጣ ነው።»

«ከእሱ ፎቶ?»

«አዎ።»

«ወደ ፎቶው ይመለሳል?»

ሐጂ ከዓመታት በፊት የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። «አይመለስም» አልኳት። «ፎቶው ከየትም ቢገኝ ግን እሱ መሆኑን ይለየዋል።»

«እንግዲያ እሱን ስጡኝ» አለች።

ወረቀት ላይ ልጽፍላት እስክሪብቶ ስፈልግ ሐጂ በእጃቸው ከለከሉኝ። ቁጥሩን በፎቶ ወረቀት ላይ፣ በጉርድ ፎቶ ልክ፣ እንደ ወጉ አራት አድርገው አተሙት። በመቁረጫው ዳሩን አስተካክለው ቆረጡት። አንዱ ትንሽ ዘሞ ሲቆረጥ ቀደው ጣሉትና እንደገና አተሙላት። ያን ሲያደርጉ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ሦስቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። አራተኛውን ለሐጂ መለሰችላቸው። «ይሄ እዚህ ይቀመጥልኝ። ፎቶውን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢገኝ ታስተያዩታላችሁ» አለቻቸው።

ሐጂ አሁን የተበላሸ ፎቶ ቀድደው አይጥሉም። ዓይኑን የጨፈነውን ሰው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አላውቅም። እኔም ያን መስመር ከፕሮግራሙ አወጣሁት። ያልገጠመውን ጎደሎ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ ግን ያስቀምጠዋል። በሌላ ዲስክ ስሞክረው ፍጥነቱ ብዙም አልቀነሰም። ይህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ፤ ያን ጊዜም ብዙ አይቀንስም ነበር።

ሐጂ አራተኛዋን ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሙሽሮቹና ከተመራቂዎቹ መሃል ለጠፏት። መርሳ በወረድኩ ቁጥር አያታለሁ። መንገደኛው የስቱዲዮው ስልክ ትመስለዋለች። አንዳንዱ ቆሞ ይደውልባታል፣ አይጠራም፤ ተሳስቶ የነካው መስሎት ቁጥሩን እንደገና ከመጀመሪያው ያነባል።